የዱቤ ደብተሩ ቢጠፋ ሱቁ ምን ይሆናል? ንግድ ቤቶች የጠፋ መረጃን የሚመልሱበት ዕቅድ ለምን ያስፈልጋቸዋል

ባለፈው ተርም የኮምፒዩተር ክፍል ተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ አነሱብኝ። «ቲቸር፣ ሁልጊዜ ባክአፕ ያዙ፣ ባክአፕ ያዙ ትለናለህ። እኛ የራሳችን ኮምፒዩተር የለን፣ ቢሮ የለን፣ ታዲያ ምን ያደርግልናል?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአምስት ደቂቃ ልመልስ ሞክሬ ሳልጨርስ ደወል ተደወለ። ስለዚህ የቀረውን በዚህ ዜና መጽሔታችን ልጽፍላችሁ ወሰንኩ። ነገሩ የኮምፒዩተር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሱቅ፣ የዱቤና የመተማመን ጉዳይም ነው። መምህራንም ለቢዝነስ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ከሰፈራችን ልጀምር። እዚህ ካኩማ፣ የኢትዮጵያውያን ሰፈር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ ነጋዴ አሉ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ታሪኩን ግን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና ይሸጣሉ። ዕቃው ከኪታሌ በጭነት መኪና ይመጣል። እንደምታውቁት እዚህ በጥሬ ገንዘብ ብቻ እነግዳለሁ የሚል ሱቅ ዕድሜ የለውም። የእርዳታው ብር ስልክ ላይ እስኪገባ፣ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ እስኪልክ ድረስ ሰው የሚኖረው በዱቤ ነው። ጋሼም ለብዙ ዓመታት አንድ ጥቁር ሽፋን ያለው ትልቅ የዱቤ ደብተር ነበራቸው። በኋላ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ኤክሴል ተምሮ መጣና ሁሉንም ወደ ላፕቶፕ ገለበጠላቸው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ማን ስንት እንዳለበት በአንድ ደቂቃ ይታይ ጀመር። ጥቁሩ ደብተር ግን ገጽ በገጽ እየተቀደደ የስኳር መጠቅለያ ሆነ።

አንድ ምሽት ከጎረቤት ጀነሬተር በገመድ የሚመጣው መብራት ከፍ ዝቅ ሲል አመሸና ላፕቶፑ ድርግም አለ። በማግስቱም አልነሳ አለ። ጥገና ቤት ወሰዱት። ሠራተኛው ፈቶ አየና «ጋሼ፣ ሃርድ ዲስኩ ሄዷል» አላቸው። ናይሮቢ ልከው ከተቃጠለ ዲስክ ዳታ የሚያወጡ ሰዎች ዘንድ ማሳየት እንደሚቻል፣ ግን ዋጋው ከላፕቶፑ ሊበልጥ እንደሚችልና ውጤቱም እርግጠኛ እንዳልሆነ ነገራቸው። ከሁለት መቶ በላይ ቤተሰብ ዱቤ እዚያ ውስጥ ነበር። ጠቅላላው ስንት ብር ነበር ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ያንን ባውቅማ ምን ችግር ነበረኝ!» አሉኝ።

ከዚያ የሆነውን ልብ ብላችሁ ተከታተሉ፤ የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ነውና። ጋሼ ደንበኞቻቸውን አንድ በአንድ እየጠሩ «ስንት ነበር ያለብህ?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። አብዛኛው ሰው እውነቱን ተናገረ። ጥቂቶች መንገድ ቀየሩ፤ በሌላ ሱቅ በኩል ማለፍ ጀመሩ። ይህ ይጠበቃል። ያልተጠበቀው ከእውነተኞቹ ጋር የመጣው ጭቅጭቅ ነው። አንዷ እናት «ስምንት መቶ ሽልንግ ነው» ስትል፣ ጋሼ ደግሞ «አይ፣ አንድ ሺህ አልፎ ነበር» አሉ። ሁለቱም ከልባቸው ነው። የሚዳኝ ወረቀት የለም። አሥር ዓመት የተከባበሩ ሰዎች በሁለት መቶ ሽልንግ ተቀያየሙ። በመጨረሻ ጋሼ «ዱቤ የለም» የሚል ካርቶን በር ላይ ሰቀሉ። ያ ካርቶን የተሰቀለ ዕለት የተጎዱት ማን ነበሩ? እሳቸው አንድ ጊዜ ገንዘብ ከሰሩ፤ የእርዳታው ብር ሳይደርስ ወር አጋማሽ ላይ ዱቄት ያለቀባቸው ቤቶች ግን በየወሩ ከሰሩ። ዕዳው የነጋዴው ቢሆንም መዝገቡ የሁሉም ነበር ማለት ነው። ንግድ ቤት ሲባል እኮ ዕቃና ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ማን ከማን ምን እንደወሰደ የሚያስታውስ ነገር ነው። ያ ትዝታ ሲጠፋ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሱቁ ይሞታል።

በአንጻሩ የኤምፔሳን ነገር አስቡ። ስልካችሁ ላጋ ውስጥ ቢወድቅ ወይም ቢሰረቅ፣ ሚስጥር ቁጥራችሁን ሌላ ሰው እስካላወቀ ድረስ፣ ብራችሁ አብሮ አይጠፋም። ሲም ካርዱን አስቀይራችሁ ያው ሒሳብ ላይ ትገባላችሁ። ለምን? ብሩ ስልኩ ውስጥ ስላልነበረ ነው። ስልኩ ቁልፍ ነው፤ መዝገቡ ኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤) ኤምፔሳ በ2007 ኬንያ ውስጥ የተጀመረ ሲሆን፣ እስከ 2015 ድረስ ሰርቨሮቹ የነበሩት አውሮፓ ውስጥ ነበር። ሎድዋር ላይ ያለች ሴት ለልጇ መቶ ሽልንግ ስትልክ መዝገቡ አውሮፓ ደርሶ ይመለስ ነበር ማለት ነው። የጋሼ ላፕቶፕ ግን ቁልፍም፣ ሳጥንም፣ መዝገብም ሆኖ ነበር። አንድ ነገር ሦስት ሥራ ሲይዝ፣ ሲሞት ሦስት ጊዜ ይሞታል።

እንግዲህ «የጠፋ መረጃን መልሶ የማግኛ ዕቅድ» የሚባለው ምንድነው? ብዙ ሰው ቅጂ መያዝ ይመስለዋል። ቅጂው የዕቅዱ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ዕቅዱ የሚጀምረው ከሁለት ጥያቄዎች ሲሆን፣ ሁለቱም ነጋዴው ራሱ የሚመልሳቸው እንጂ የኮምፒዩተር ባለሙያ የሚመልስለት አይደሉም።

የመጀመሪያው፦ የስንት ጊዜ ሥራ ቢጠፋብኝ እችለዋለሁ? ጋሼ ዘወትር እሑድ ቅጂ ቢይዙ ኖሮና ላፕቶፑ ቅዳሜ ማታ ቢቃጠል፣ የስድስት ቀን ዱቤ ይጠፋ ነበር። የስድስት ቀን ዱቤ ሰው ያስታውሳል፤ ተጠያይቆ ይጻፋል። የስድስት ወር ግን ማንም አያስታውስም። ለአንድ ባንክ ደግሞ የስድስት ደቂቃ መጥፋት እንኳ ጉድ ነው። ስለዚህ በየስንት ጊዜው ይቀዳ የሚለው ከዚህ መልስ ይወጣል።

ሁለተኛው፦ ተመልሼ ሥራ እስክጀምር ስንት ጊዜ ተዘግቼ መቆየት እችላለሁ? ይሄኛውን ሰው ይረሳዋል። ቅጂ አለህ እንበል። የምትከፍትበት ሌላ ኮምፒዩተር አለህ? ፓስዎርዱን የሚያውቀው ማነው? ያ ሰው ወደ ሌላ አገር በሪሴትልመንት ቢሄድስ? (እዚህ ካምፕ ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም፤ የስንት ማኅበር ሒሳብ ያዥ ፓስዎርዱን ይዞ በረረ!) ዳታውን መልሶ ለማስገባት ራሱ ስንት ሰዓት ይፈጃል? እነዚህን አስቀድሞ ያልጠየቀ ሰው ቅጂ ይዞም ለሳምንት ይዘጋል።

«ይህ የትንሽ ሱቅ ጉዳይ ነው፤ ትላልቆቹ ኩባንያዎች ባለሙያ አላቸው» እንዳትሉ፣ አንድ በሰፊው የተጻፈበት ታሪክ ልንገራችሁ። ሜርስክ የሚባለውን የዴንማርክ የመርከብ ኩባንያ ታውቁታላችሁ። ባታውቁትም ስሙ የተጻፈበትን ኮንቴይነር በሞምባሳ መንገድ ላይ አይታችሁ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ በኮንቴይነር ከሚጓዘው ዕቃ አምስት እጅ አንዱን ያህል የሚያጓጉዝ ኩባንያ ነበር። ጁን 27 ቀን 2017 ኖት ፔትያ የሚባል ቫይረስ ገባበት። መነሻው ዩክሬን ውስጥ ብዙ ድርጅቶች ለግብር የሚጠቀሙበት የሒሳብ ፕሮግራም ነው፤ ቫይረሱን የላኩት ሰዎች በፕሮግራሙ ማሻሻያ ውስጥ ደብቀው አሰራጩት። አሜሪካና እንግሊዝ በ2018 የሩሲያን ጦር ተጠያቂ አድርገዋል። ቫይረሱ ስክሪን ላይ «ሦስት መቶ ዶላር ክፈሉ፣ ፋይላችሁን እንመልሳለን» የሚል ጽሑፍ ያሳይ ነበር። ውሸት ነው፤ ቢከፈልም የሚመለስ ነገር አልነበረም። ሥራው ማጥፋት ነበር።

በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የኩባንያው ስክሪኖች አገር ለአገር ጠቆሩ። ከወደብ ማረፊያዎቹ አንዳንዶቹ ሥራ አቆሙ፤ የጭነት መኪኖች በር ላይ ኪሎ ሜትር ተሰለፉ። መርከቦቹ ደህና ናቸው፤ ክሬኖቹም ደህና ናቸው። የትኛው ሣጥን ውስጥ ምን እንዳለና ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ነገር ግን ጠፋ። ሠራተኞቹ በግል ስልካቸው በዋትስአፕ ትዕዛዝ ይቀበሉ ነበር። የጋሼ ሱቅ በትልቁ ማለት ነው።

ቅጂ አልነበራቸውም? ነበራቸው! የብዙዎቹ ሰርቨሮች ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ያለው ቅጂ ተገኘ። አንድ ነገር ግን ጎደለ። ማን የኩባንያው ሠራተኛ እንደሆነና ማን የትኛውን በር መክፈት እንደሚፈቀድለት የሚያውቁ ወደ 150 የሚሆኑ ኮምፒዩተሮች ነበሩ። እነዚህን በምግብ ማደያ ጣቢያ ካለው የስም ዝርዝር ጋር አመሳስሏቸው፤ መጋዘኑ እህል ቢሞላም ዝርዝሩ ከሌለ ለማንም ምንም አይታደልም። 150ዎቹ እርስ በርስ እየተገለባበጡ አንድ ዓይነት ሆነው ስለሚኖሩ «አንዱ ቢሞት ሌላው አለ» ተብሎ የተለየ ቅጂ አልተያዘላቸውም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ጠፉ።

ከዚያ በየአገሩ ስልክ ሲደወል አንድ የተረፈ ተገኘ፤ ጋና ውስጥ። ለምን ተረፈ? ቫይረሱ ከመድረሱ በፊት መብራት ጠፍቶ ኮምፒዩተሩ ከኔትወርክ ውጭ ስለነበረ! እኛ መብራት በጠፋ ቁጥር የምናማርረው፣ የዓለምን ትልቅ ኩባንያ መብራት መጥፋት አዳነው። ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ዳታው በብዙ መቶ ጊጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ በጋናው ኢንተርኔት ወደ እንግሊዝ ለመላክ ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ሰው ሃርድ ዲስኩን ይዞ በአውሮፕላን ይሂድ ተባለ። ነገር ግን ከጋናው ቢሮ ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ ያለው አልነበረም። ይህንን ለእናንተ ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም። አንዱ ሠራተኛ ናይጄሪያ ድረስ ሄዶ ዲስኩን ለሌላ ሠራተኛ አቀበለ፤ ያኛው ወደ ለንደን ይዞት በረረ።

ኩባንያው 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒዩተር በአሥር ቀን ውስጥ እንደ አዲስ መትከል እንደነበረበት የያኔው ሊቀ መንበር ጂም ሃገማን ስናቤ በጃንዋሪ 2018 ዳቮስ ላይ ተናግረዋል። ኪሳራው ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። አሥር ቀን በጣም ፈጣን ነው፤ ባለሙያዎቹም ይመሰገናሉ። ግን የጋና መብራት ባይጠፋ ኖሮስ? ገንዘብ የነበረው፣ ባለሙያ የነበረው፣ ቅጂም የነበረው ኩባንያ በመጨረሻ የዳነው በዕድል ነው። መስታወት ውስጥ የሚታየው ሰውዬ እናንተ ስትታመሙ አብሯችሁ ይታመማል፤ ያ ሁለተኛ ሰው ሆኖ አይቆጠርም። እርስ በርስ ወዲያው የሚገለባበጡ ኮምፒዩተሮችም እንደዚያ ናቸው። በአንዱ ላይ የጠፋው በሌላውም ላይ ወዲያው ይጠፋል። ስልካችሁ ከኢንተርኔት ማስቀመጫ ጋር ሲገናኝም ያው ነው፤ እዚህ ስትሰርዙት እዚያም ሊሰረዝ ይችላል።

ሌላም ልጨምር፣ አጠር አድርጌ። ጊትላብ የሚባል የፕሮግራም ጸሐፊዎች ኩባንያ አለ። ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ሠራተኛ ማታ ደክሞት ችግር ሲፈታ የአንዱን ሰርቨር ዳታ መሰረዝ ሲገባው የዋናውን ሰረዘ። በሰከንዶች ውስጥ ነቅቶ አቆመው፤ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ብቻ ነበር። ኩባንያው ብዙ ዓይነት የቅጂ መያዣ ዘዴ ነበረው። ተራ በተራ ተሞከሩ። በየቀኑ ይሠራል የተባለው ሳይሠራ ከርሟል፤ መበላሸቱን የሚያሳውቀው ኢሜይልም ለማንም አልደረሰም። በመጨረሻ የተገኘው ከስድስት ሰዓት በፊት አንድ ሰው ለሌላ ሥራ ብሎ በእጁ ያነሳው ቅጂ ነው። የስድስት ሰዓት ሥራ ለዘላለም ጠፋ፤ ያንን መልሶ ለመገልበጥ ደግሞ ወደ 18 ሰዓት ፈጀ። የማደንቃቸው አንድ ነገር አለ፤ ሁሉንም ሳይደብቁ ጻፉት፤ ሲጠግኑም ሰው ሁሉ እያየ ነበር። እኛ ጋ ቢሆን ልጁ ተባሮ ወሬው ይዳፈን ነበር።

ተማሪዎቼ እዚህ ላይ «ታዲያ ቅጂው መሥራት አለመሥራቱ በምን ይታወቃል?» ማለታቸው አይቀርም። በአንድ ነገር ብቻ፤ ከፍቶ በማየት። ያልተሞከረ ቅጂ ቅጂ ነው ብላችሁ አትቁጠሩት።

አሁን የራሴን ላውጣ፤ የሰው ብቻ ማውራት አግባብ አይደለም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ውጤቴን የሚያሳይ ወረቀት ሳልይዝ ነው የወጣሁት። ስለዚህ የወረቀትን ዋጋ ከማንም በላይ አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የሦስት ክፍል ተማሪዎችን ውጤት በአንድ ላፕቶፕ ይዤ ነበር። ቅጂም ነበረኝ፤ ዘወትር ዓርብ በፍላሽ እቀዳለሁ። ፍላሹን የማስቀምጠው የት ነው? ላፕቶፑ ቦርሳ ኪስ ውስጥ! አንድ ቀን ቦርሳው ከቦዳቦዳ ላይ ጠፋ። ሁለቱም በአንድ ላይ ሄዱ። ፈተናው እንደገና ተሰጠ። አንዲት ተማሪዬ በመጀመሪያው ዘጠና አንድ አምጥታ ነበር፤ በሁለተኛው ፈተና ወባ ይዟት ስድሳ ሁለት አመጣች። ለአዳሪ ትምህርት ቤት ዕድል ማመልከቻ የሚላከው ውጤት ሁለተኛው ነበር። ዘጠና አንዱን እኔና እሷ እናውቃለን፤ ወረቀት ግን አያውቀውም። ልጅቷ አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

የእኔ ስህተት ብቻዬን የሠራሁት አለመሆኑን በኋላ ተረዳሁ። ማርች 10 ቀን 2021 ፈረንሳይ አገር ስትራስቡርግ ከተማ ኦቪኤች ክላውድ የሚባል ኩባንያ የሰርቨር ሕንፃ በሌሊት ተቃጠለ። ሰው አልሞተም፤ ግን አንድ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዌብሳይቶች ተቋረጡ። ቅጂያቸው ሌላ ከተማ የነበረ ደንበኞች ተመለሱ። ከደንበኞቹ መካከል ቅጂያቸው እዚያው ግቢ ውስጥ ስለነበረ ዋናውንም ቅጂውንም ያጡ አሉ። ከእኔ ቦርሳ ምን ይለያል? እዚህ ደግሞ የታራች ላጋ ሲሞላ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንድ ሰፈር በሙሉ አንድ ላይ ይረጥባል። ስለዚህ ቅጂውን ጎረቤት ማስቀመጥ እንኳ አይበቃም፤ ከላጋው ማዶ ወይም ከፍ ያለ ቦታ ያለ ሰው ዘንድ መሆን አለበት። የጭቃና የላሜራ ቤቶች ተጠጋግተው ባሉበት ሰፈር ስለ እሳትም እንዲሁ ነው።

ፒተር ክሮግ የሚባል ፎቶ አንሺ ያስተዋወቀው አንድ ቀላል ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ ይኑርህ፣ በሁለት ዓይነት ነገር ላይ ይሁን፣ አንዱ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ዋናው ራሱ ከሦስቱ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ለአንድ ሱቅ ይህ ምን ያህል ያስወጣል? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን ጥናት ካኩማ ካምፕና ከተማው ውስጥ ከ2,000 በላይ ንግድ ቤቶች እንዳሉ ቆጥሮ ነበር። አብዛኞቹ ኮምፒዩተር የላቸውም፤ አያስፈልጋቸውምም። ካርቦን ወረቀት ያለው ደረሰኝ ደብተር ይበቃል፤ አንዱ ቅጠል ለደንበኛ፣ አንዱ ለሱቅ። ደንበኛው ኪሱ ውስጥ የያዘው ቅጠል በራሱ ሌላ ቦታ ያለ ቅጂ ነው። ሁለት መቶ ደንበኛ ማለት ሁለት መቶ መዝገብ ቤት ነው! በዚያ ላይ ማታ ማታ ገጹን በስልክ ፎቶ ማንሳት። አለቀ።

ኮምፒዩተር ላላቸው ጥቂት ነገር ልበል። ፍላሽ ዲስክ ለማመላለሻ እንጂ ለዓመታት ማስቀመጫ አልተሠራም፤ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ረጅም ጊዜ ሲቀመጥ፣ በተለይ በእኛ ሙቀት፣ የያዘውን ሊረሳ ይችላል። ቅጂ የያዘውን ዲስክ ኮምፒዩተሩ ላይ እንደተሰካ አትተዉት፤ ቫይረስ ሲመጣ ወይም መብራት ሲዘል አብሮ ይሄዳል። ይኸው የሜርስክ ታሪክ የሚያስተምረው አንዱ ነገር ነው፤ የጋናው የተረፈው ስላልተገናኘ ነው። በስህተት ፋይል ከሰረዛችሁ ደግሞ ወዲያው እጃችሁን አንሱ። በድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ላይ የተሰረዘ ፋይል ወዲያው አይጠፋም፤ ቦታው «ባዶ ነው» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል እንጂ። ሌላ ነገር ካልተጻፈበት በፕሮግራም ሊመለስ ይችላል። ፊልም ካወረዳችሁበት ግን ራሳችሁ ቀበራችሁት ማለት ነው። በአዲሶቹ ኤስኤስዲ ዲስኮች ላይ ይህ ዕድል በጣም የጠበበ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይህን ከሁሉም በላይ አደራ እላለሁ። ቅጂ በበዛ ቁጥር የሚያየው ዓይንም ይበዛል። የዱቤ መዝገብ የሰው ምስጢር ነው፤ ማን እንደተቸገረ፣ ማን ከውጭ ገንዘብ እንደሚላክለት፣ ማን በየትኛው ብሎክ እንደሚኖር ያሳያል። ብዙዎቻችን ስማችን በማይገባ እጅ እንዳይገባ ብለን ነው አገር ጥለን የመጣነው። ስለዚህ ቅጂው የሚቀመጥለት ሰው የሚታመን ይሁን፤ ፋይሉም በፓስዎርድ ይዘጋ። ፓስዎርዱ ደግሞ በሁለት ሰው ይታወቅ፤ አንዱ ቢሄድ አንዱ እንዲቀር። ፎቶውን ለሃምሳ ሰው በተከፈተ የዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ መወርወር ቅጂ መያዝ አይባልም፤ ሰው ማጋለጥ ነው።

ለቢዝነስ ክፍል መምህራን፦ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ወደ ሱቆች ላኳቸውና «ዛሬ ማታ መዝገብዎ ቢጠፋ ነገ ጠዋት ምን ያደርጋሉ?» ብለው ይጠይቁ። ባለፈው እኔ ስሞክረው አንዱ ነጋዴ ልጆቹን የሌባ ሰላይ ናቸው ብሎ አባረራቸው፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ብታስተዋውቋቸው ይሻላል።

ጋሼ ስምንት ወር ያህል ቆይተው ካርቶኑን አወረዱት። አሁን ሁለቱንም ይዘዋል፤ ላፕቶፑንም፣ ባለካርቦኑን ደብተርም። ልጃቸው ማታ ማታ ቅጂ ይዞ ከላጋው ማዶ ልብስ ሰፊ የሆነ አጎቱ ዘንድ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያደርሳል። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ደግሞ ቅጂውን በእኛ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ላይ ይከፍተዋል፤ ሦስት ስም በዕጣ አውጥቶ ከካርቦኑ ቅጠል ጋር ያመሳክራል። ባለፈው ወር አብሬው ነበርኩ። ሁለቱ ልክ ሆኑ። ሦስተኛው ላይ የመቶ ሃምሳ ሽልንግ ልዩነት ተገኘ። ሰውዬው ተጠርቶ መጣ፤ የእሱን ቅጠል ከኪሱ አውጥቶ አሳየ። ትክክሉ የእሱ ነበር፤ ልጁ ሲገለብጥ አንድ መስመር ዘሏል። ጋሼ ሒሳቡን አስተካከሉና ሻይ አዘዙለት።